ተሰሎንቄን ከገንዳ ውሃ ሆኖ ማቀድ

ተሰሎንቄ የሚለውን ስም ያልሰማ የጎንደር ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት በቅዳሴ ሲነበብ ስሟ ስንት ጊዜ ተጠርቷል! ብዙዎቻችን ግን የምናውቃት በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው። ከተማዋ ዛሬም አለች። በሰሜን ግሪክ፣ በባሕር ሰላጤ ጫፍ ላይ፣ ወደቧ እየሠራ፣ ዩኒቨርሲቲዋ በተማሪ ተሞልቶ፣ ከአቴና ቀጥላ የአገሪቱ ሁለተኛ ከተማ ናት። ይህን የምጽፈው በመተማ፣ በገንዳ ውሃ፣ በቋራ ወይም በአብርሃ ጅራ ሆናችሁ፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ታሪካዊ ከተማ አይቼ ብመለስ ብላችሁ በልባችሁ ለምትመኙ ሁሉ ነው። ምኞታችሁ ቅንጦት አይደለም፤ ዕቅድ የሚገባው ነገር ነው።

አይቶ መመለስ ስል መመለሱን ከመሄዱ ለይቼ ማየት አልችልም። በመተማ ድንበር ወጥተው፣ በገዳሪፍና በካርቱም አድርገው፣ የሊቢያን በረሃ አቋርጠው ወደ ሜዲትራኒያን ያቀኑ ብዙ ልጆች አሉን። አንዳንዶቹ ተሻገሩ፤ አንዳንዶቹን በረሃው፣ አንዳንዶቹንም ባሕሩ አስቀራቸው። የተሰሎንቄ ሰላጤም የዚያው ባሕር ክንድ ነው። እኔ የምመኝላችሁ በሌላው መንገድ እንድትደርሱባት ነው። ፓስፖርታችሁን አቅርባችሁ፣ በሕግ ገብታችሁ፣ ሙዚየም ጎብኝታችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራችሁ የምትመለሱ የተከበራችሁ እንግዶች ሆናችሁ። "ይህ ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይደለም" የሚል ድምፅ በውስጣችሁ ካለ፣ የምትኖሩበት መሬት ራሱ መልስ አለው።

መተማን ያቆማት መንገደኛ ነው። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነሥተው ወደ መካ የሚሄዱና ከሐጅ የሚመለሱ ተክሩሮች እዚህ አርፈው፣ አርሰው፣ ገበያ አቁመው ኖረዋል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሹማምንት ከእነርሱ ወገን ነበሩ። ከጎንደር ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ መነኮሳትና ምዕመናንም በሱዳኗ ሰናርና በግብፅ የሚያልፈውን መንገድ ይዘው ወርደዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም በሰናር በኩል ጎንደር የገባው በ1699 እ.ኤ.አ. ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ ቆላ አድርጎ ወደ ሰናር ወርዷል። እነዚህ ሰዎች ካርታ እንኳ በቅጡ በሌለበት ዘመን ስንቃቸውን ቆጥረው፣ ወቅቱን ጠብቀው፣ የሚያሳድራቸውን ሰው ስም አጥንተው የሄዱ ናቸው። ረጅም መንገድ ማሰብ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

ደግሞም ሰሊጥ የሚያመርት ሰው ዕቅድ አይችልም ቢሉኝ አላምንም። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዘሩ ካልገባ ዝናቡ ያልፋል። አረሙ በጊዜው ካልተነቀለ ቡቃያው ይዋጣል። ፍሬው ያለበት ቅርፊት ሳይሰነጠቅ ካልታጨደ የዓመት ድካም መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከታጨደም በኋላ በሂላ ቆሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይራገፋል። ገበሬው ይህን ሁሉ የሚያሰላው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው። ጉዞም የሚታቀደው እንዲሁ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትመለሱበትን ቀን ጻፉ።

ለቆላ ሰው የሚስማማው ወር ግንቦት ይመስለኛል። ዘር ከመግባቱ በፊት ትመለሳላችሁ፤ ተሰሎንቄም የሐምሌና የነሐሴ ሙቀቷ ገና አልበረታም። የመተማን ሐሩር ለለመደ ሰው እንዲያውም ምሽቱ ትንሽ ያበርዳል፣ ጃኬት ይያዝ። ቀደም ብሎ መሄድ የሚችል ፋሲካን እዚያ ሊውል ይችላል፤ የግሪክ ኦርቶዶክሶች ትንሣኤን የሚያከብሩት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ነው። ከግንቦት ወደ ኋላ ቁጠሩ። ወደ ግሪክ የሚያስገባውን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ነው፣ እዚያ ድረስ ግን አትጠብቁ። ስድስት ወር ወደ ኋላ ስትሉ ኅዳር ላይ ትደርሳላችሁ። ኅዳር ሰሊጡ ተራግፎ ገንዘብ እጅ የሚገባበት ወር ነው። ከዚያ በፊት ባለው ክረምት ፓስፖርታችሁን አውጡ። የእርሻው ዘመንና የጉዞው ዘመን እንዲህ ሲገጥሙ ሳይ ደስ ይለኛል።

ወረቀቱን አትፍሩት። የግሪክ ቆንስላ የሚጠይቀው በአጭሩ ማን እንደሆናችሁ፣ በምን እንደምትኖሩና ለምን እንደምትመለሱ ነው። መምህርት ከሆንሽ የትምህርት ቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆንክ ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፣ ገበሬ ከሆናችሁ የመሬት ይዞታ ደብተራችሁ፣ ባለትዳር ከሆናችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ ይናገርላችኋል። የሰሊጥ ሽያጭ በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ቤት ማስቀመጥ የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ከዘንድሮ ጀምራችሁ በባንክ አሳልፉት፤ የወራት የሒሳብ እንቅስቃሴ ከብዙ ምስክር ይበልጣል። የጉዞ የጤና ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ከሰኔ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የአዋቂ ሰው የቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ግሪክ አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ አላት። እናስጨርስላችኋለን የሚል ደላላ ግን በመካከላችሁ አይግባ፤ ሐሰተኛ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተገኘባችሁ ለዓመታት ስማችሁን ያበላሻል። ቅጹን ራሳችሁ ሙሉ፤ ካልገባችሁ እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያስረዳችሁ።

የዝግጅቱ ጣፋጭ ክፍል ግን ንባቡ ነው፤ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ከተማዋን በ315 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ የቆረቆራት የመቄዶንያው ንጉሥ ካሳንደር ነው፤ ስሟንም ያገኘችው ከሚስቱ፣ ከታላቁ እስክንድር እህት፣ ከተሰሎንቄ ነው። ጳውሎስ በ50 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከፊልጵስዩስ ተነሥቶ በሮማውያን መንገድ መጣ፤ የሐዋርያት ሥራ 17ኛ ምዕራፍ ኢያሶን በሚባል ሰው ቤት ማረፉንና የተነሣውን ሁከት ይተርካል። ዛሬም ከተማዋን ኢግናቲያ የሚባል ዋና ጎዳና ይሰነጥቃታል፤ ስሙን የወሰደው ከዚያው ጥንታዊ መንገድ ነው። አጠገቡ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ጋሌሪየስ ያሠራው ትልቅ ክብ ሕንፃ፣ ሮቱንዳ፣ ቆሟል። ሕንፃው ቆይቶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በቱርኮች ዘመን ደግሞ መስጊድ ሆነ፤ ሚናሬቱ ዛሬም ከጎኑ አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ለሚኖርባት መተማ ይህን ሕንፃ ማየት ልዩ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ ከ1430 እስከ 1912 እ.ኤ.አ. በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበረች። በ1492 እ.ኤ.አ. ከስፔን የተባረሩ አይሁዶች መጥተው ሞሏት፣ ወደቧንም አደመቁት፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ከ40 ሺህ በላይ የሚሆኑትን በባቡር ጭነው ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ወሰዷቸው። በ1917 እ.ኤ.አ. ትልቅ እሳት የከተማዋን እምብርት በላው፣ የቅዱስ ድሜጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ጨምሮ፤ እሱም እንደገና ታንጾ ዛሬ ይጸለይበታል። የምድር ውስጥ ባቡሯን መቆፈር በ2006 እ.ኤ.አ. ጀምረው በየጥልቀቱ ጥንታዊ ጎዳናና ሱቅ ሲወጣባቸው፣ አገልግሎት የጀመረው በኅዳር 2017 ዓ.ም ሆነ። የተገኘውን አልጣሉትም፤ ጣቢያው ውስጥ መንገደኛ እያየው ያልፋል። ሰማዩ ጠርቶ ከዋለ ከባሕሩ ማዶ የኦሊምፐስ ተራራ ይታያል፤ ከፍታው 2,917 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን ለአስጎብኚያችሁ በትሕትና ልትነግሩት ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ አንብቦ ስለ ገዛ ደጁ የማያውቅ እንግዳ ግን ጎደሎ እንግዳ ነው። እዚያ የሚያገኛችሁ ሰው "እናንተስ ከየት ናችሁ?" ይላችኋል። ስለዚህ ዋናው ጉዞ ከመድረሱ በፊት ልምምድ አድርጉ። መጋቢት 1881 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጎንደርን ያቃጠለውን የሱዳን ማህዲስቶች ጦር ሊገጥሙ ወርደው የወደቁት በመተማ ነው፤ ድሉ ወደ እርሳቸው አዘንብሎ ሳለ ጥይት አገኛቸው፣ አንገታቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች። ስንቶቻችን ነን የውጊያውን ሥፍራ ሆን ብለን፣ ማስታወሻ ይዘን፣ አባቶችን እየጠየቅን የሄድንበት? ከእናንተ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተሰሎንቄ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የተመዘገቡት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ጎንደርን እንደ ውጭ አገር ጎብኚ ጎብኙት። ወጪውን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ስትመለሱ ከእውነተኛው ወጪ ጋር አስተያዩት፤ የምትጠይቁትን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፣ ያያችሁትን ማታውኑ መዝግቡ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገዱ አንዳንዴ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ደኅና መሆኑን ሳታጣሩ አትነሡ፤ መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት ንባቡና ቁጠባው ይቀጥል።

ቪዛው ሊከለከልም ይችላል። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን አይሁን። ክልከላው ምክንያቱ ተጽፎበት ይመጣል፤ የጎደለውን ሞልታችሁ እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ። እስከዚያው የሠራችሁት የትም አይሄድም። በስማችሁ የተጠራቀመ ገንዘብ አለ፣ የተስተካከለ ሰነድ አለ፣ የተሻሻለ እንግሊዝኛ አለ፣ የገዛ አገራችሁ ታሪክ በቃላችሁ አለ። እነዚህን የያዘ ወጣት ባንክ ለብድር ሲገባም፣ ለሥራ ሲወዳደርም፣ ከነጋዴ ጋር ሲዋዋልም ቀና ብሎ ነው።

የጉዞው ዓላማ ታሪክ ማየት ብቻ እንዳይሆን ደግሞ አንድ ነገር ላክልበት። የተሰሎንቄ ሰው ቁርሱን በመንገድ ላይ የሚበላው ኩሉሪ የሚባል ቀለበት መሳይ ዳቦ ነው፤ ዙሪያውን በሰሊጥ ተለብጦ ይጋገራል። ከተማዋ በጣሂናና በሐላዋም የታወቀች ናት፤ ሁለቱንም የድንበሩ ሰው ከሱዳን ወገኖቹ ጋር ሲበላቸው ኖሯል። የጎንደርና የሑመራ ነጭ ሰሊጥ በዓለም ገበያ ከሚፈለግባቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው የዳቦና የጣፋጭ ሥራ ነው፤ እኛ ግን አብዛኛውን የምንልከው በጥሬው፣ በኩንታል ነው። ስለዚህ ከሙዚየሙ ቀናት አንዱን ቀንሳችሁ ለገበያው ስጡት፤ በከተማዋ እምብርት ካፓኒ የሚባል አሮጌ ገበያ አለ። ጣሂና የሚሠሩ ቤቶችን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ፈልጉ፣ መጎብኘት እንደምትፈልጉ ጻፉላቸው። ጥያቄዎቻችሁን በእንግሊዝኛም በግሪክኛም አስጽፋችሁ ያዙ፦ ሰሊጡ ከመፈጨቱ በፊት ቅርፊቱ እንዴት ይለቃል? በምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ደቂቃ ይቆላል? ከአንድ ኩንታል ስንት ኪሎ ጣሂና ይወጣል? ትንሹ ወፍጮ ስንት ያወጣል፣ መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል? መልሱን መዝግባችሁ ግንቦት መጨረሻ ላይ ስትመለሱ፣ ማሳውን ለዘር ለማዘጋጀት የቀረው ጊዜ ይበቃችኋል።