የአንድ ሰሞን ገቢ፣ የ13 ወር ወጪ

ጥያቄ፦ ቴፒ አካባቢ ቡና አለን። ገንዘቡ በለቀማ ሰሞን ይገባል፣ ክረምት ሳይገባ ያልቃል። የሒሳብ ክላሰር በእጄ ልሥራ ብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ቡና ከሸጣችሁበት ቀን ጀምሪ፤ የደመወዝተኛ አቆጣጠር ለእናንተ አይሆንም። 13 ቅጠል አስገቢ። ጳጉሜንን አደራ እንዳትዘይ፤ የእንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ወጪ የሚደራረበው እዚያ ላይ ነው።

እሸቱንና ጀንፈሉን ለየብቻ ጻፊ። እሸት በተለቀመበት ቀን መሸጥ አለበት፤ ጀንፈል ግን በደንብ ከደረቀ ይቆያል፣ ስለዚህ የተወሰነውን ለክረምት ማስቀመጥ ትችላላችሁ። የለቃሚ ክፍያ ከሽያጩ ላይ ቀድሞ ይቀነስ፤ የቤቱ ገንዘብ ቀሪው ብቻ ነው።

እቁብና እድርን አንድ ገጽ ላይ አታድርጊ። እቁብ ተመልሶ የሚመጣ ቁጠባ ነው፣ እድር ወጪ ነው። ባለቤትሽም በየሳምንቱ አብሮሽ ይጻፍ።