የቶዮታ 86 ዲፈረንሻል ቢቀየር?

ጥያቄ፦ ባለ እጅ ማርሽ የ2013 ቶዮታ 86 አለኝ። የዲፈረንሻሉን ጥርስ ከ4.10 ወደ 4.56 ባስቀይር ይፈጥንልኛል?

መልስ፦ አዎ። የሞተሩ ጉልበት ያው ነው፤ በየማርሹ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉተታ ግን በ11 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከመታጠፊያ ሲወጡ በደንብ ይሰማዎታል። ከ0 እስከ 100 ሲለካ ግን ብዙ አይጠብቁ፤ በሁለተኛ ማርሽ 97 ገደማ ይደርስ የነበረው መኪና አሁን 90 ሳይሞላ ሦስተኛ ይጠይቃል። በስድስተኛ ማርሽ 100 ላይ 2,700 አካባቢ የነበረው ዙርም ወደ 3,000 ይጠጋል፤ ነዳጁና ጩኸቱ ይከተላሉ። ቶዮታ ራሱ በ2017 ሞዴል 4.30 አደረገው፤ ለዕለት መንዳት እኔም እሱን እመርጣለሁ። ክራውኑና ፒኞኑ በጥንድ ነው የሚቀየሩት። የጥርሶቹን ክፍተት በመለኪያ ሳይሆን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ለሚገምት መካኒክ እንዳይሰጡት፤ ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል።