ቆላ ለሚወርድ ሹፌር

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድህን አሳድገህ የጅቡቲን መስመር ልትጀምር እንደሆነ ሰማሁ። ስለ ፍሬን፣ ስለ ማርሽና ስለ ቁልቁለቱ የሚመክርህ አታጣም። እኔ የምነግርህ ጋቢና ውስጥ ይዘኸው ስለምትዞረው እሳት ነው። አዲስ አበባ የገዛኸው ላይተርም ሆነ ነጭ ጋዝ፣ አዋሽን አልፈህ ሚሌ ስትደርስ ጠባዩ ሌላ ነው። ሰው ደግሞ የሚፈራውንና የሚንቀውን አቀያይሮ ይዞታል፤ ክብሪት ሲያይ ይጠነቀቃል፣ ላይተሩን ግን ዳሽቦርድ ላይ ወርውሮ ምሳ ሊበላ ይወርዳል።

1. ሙቀቱን በጋቢናው ለካ። ሰመራ ላይ “ዛሬ 42 ዲግሪ ነው” ሲሉህ የጥላውን አየር ነው የሚነግሩህ። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአማካይ 47፣ መሪው 53፣ ዳሽቦርዱ ደግሞ 69 ዲግሪ ደርሷል። ጥላ ስር የቆመውም ቢሆን ዳሽቦርዱ 48 ነበር። እነሱ የለኩት የቤት መኪና ነው። ጋላፊ ድንበር ወረፋ ላይ ሞተር አጥፍተህ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆም የአንተ ምን እንደሚሆን ራስህ አስበው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ መሐረብና ወረቀት ይቀመጥ፤ ሌላ ነገር አይቀመጥ።

2. ላይተር ቀላል ዕቃ አይደለም። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ቡቴን ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚፈላ። ፈሳሽ ሆኖ የሚታይህ ተጨቁኖ ስለታሸገ ብቻ ነው፤ ክዳኑ የታሰረ ድስት በለው። ከ20 ዲግሪ ወደ 69 ዲግሪ ሲወጣ ግፊቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የዓለም አቀፉ የላይተር ደረጃ፣ አይሶ 9994 የሚባለው፣ ላይተር 65 ዲግሪ ላይ አራት ሰዓት መቆየት እንዲችል ነው የሚጠይቀው። ዳሽቦርዱ 69 መሆኑን አትርሳ። ያውም ደረጃውን ካሟላ ነው፤ መንገድ ዳር ከአዟሪ የምትገዛት፣ ስሟ የማይነበበው ላይተር ፈተናውን ማለፍ አለማለፏን ማን ያውቃል?

በራሷ ትቀጣጠላለች ማለቴ አይደለም። ቡቴን ያለ ብልጭታ ለመያያዝ ከ350 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ጋቢና ምንም ቢግል እዚያ አይደርስም። የሚሆነው ሌላ ነው፦ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ወይም አፏ ላይ ያለችው ጎማ ትላላለች። በውስጧ ያለው አምስት ግራም የማይሞላ ፈሳሽ ሁለት ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ወደ ወለሉ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ከዚያ አንተ ከምሳ ተመልሰህ፣ በሩን ዘግተህ፣ ሲጋራ ትለኩሳለህ። ጋቢናውን ስትከፍት የጋዝ ሽታ ከመጣብህ ሁለቱንም በር ወለል አድርገህ ክፈት፣ ቁልፍ አታዙር፣ መብራት አትንካ፣ ራቅ ብለህ ቁም።

የት ላስቀምጣት ካልከኝ፣ ኪስህ ውስጥ። ሰውነትህ 37 ዲግሪ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከዚያ የሚቀዘቅዝ ቦታ በቆመ ጋቢና ውስጥ አታገኝም። ይዘሃት መውረድ ካልፈለግህ ከመቀመጫው ስር፣ ፀሐይ በማያየው በኩል፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ትሁን። የምትሞላ ዓይነት ከሆነች ደግሞ ደጋ ላይ ጢም አድርገህ አትሙላት፤ ፈሳሹ ሲግል የሚሰፋበት ቦታ ይተውለት።

3. ክብሪትን በሙቀት አትጠርጥረው። እንጨቱ ራስ ላይ ያለው ቅመም በሳጥኑ ጎን ካለው ቀይ ፎስፈረስ ጋር ሲፋተግ ነው የሚነደው፤ የጋቢና ሙቀት ብቻውን አያነደውም። የክብሪት ጠላቱ እርጥበትና መፋተግ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ አየሩ ስለሚያልብ ሳጥኑ ልፍስፍስ ይላል፤ በማግስቱ ብትጭር ብትጭር ራሱ ይላጣል እንጂ አይነድም። አፉ ጠበቅ ያለ የመድኃኒት ዕቃ ፈልግ፣ እንጨቶቹን ራሳቸውን በአንድ አቅጣጫ አድርገህ ክተት፣ የመጫሪያውን ወረቀት ቆርጠህ ከክዳኑ ውጭ ለጥፈው። ቆላ ውስጥ እኔ ከላይተር ክብሪት ይሻለኛል።

4. ቤንዚን በሃይላንድ አትያዝ። ዕቃ ለማጠብ ነው፣ ከሰል ለማያያዝ ነው እያለ ረዳትህ ግማሽ ሃይላንድ አልጋው ስር ይወትፋል። የቤንዚን እንፋሎት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንኳ በእሳት ይያያዛል፤ ሃይላንዱ ደግሞ ሲግል ይነፋና በክዳኑ ያስተነፍሳል።

ይህን ብዙው ሰው ያውቃል። የማያውቀው የነጭ ጋዙን ነው። ነጭ ጋዝ እንፋሎቱ መያያዝ የሚጀምረው ወደ 38 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ 20 ዲግሪ ላይ ቢደፋ እንኳ ክብሪት ቶሎ አያያይዘውም፤ በዚህ የተነሳ ሁሉ ንቆታል፣ እናቶቻችን ሳይቀሩ። ሎጊያ ላይ 45 ዲግሪ በሞላው ጋቢና ውስጥ የዋለው ጀሪካን ግን ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው አየር ራሱ ነዳጅ ነው። ጀሪካኑ ወፍራም ይሁን፣ ከጋቢና ውጭ፣ በጥላው በኩል ታስሮ ይሂድ። ስትከፍተውም ፊትህን አዙረህ፣ ምድጃው ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን።

5. ከሰሉን ራስህ አጥፋ፣ ለረዳት አትተወው። ከላይ ካወራሁልህ ሁሉ ይበልጥ የምፈራው ይህን ነው። ቡና ጠጥታችሁ ስትነሱ ልጁ ምድጃውን ያራግፋል፣ ሁለቴ መሬት ላይ ያንኳኳዋል፣ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከገመዱና ከሸራው ጎን መፍቻ ሳጥን ውስጥ ይወረውራል። ምድጃው ስር የቀረችው ነጭ አመድ የሞተች ትመስላለች። ጣት የምታህል ረመጥ ግን በአመድ ተሸፍና ለሰዓታት ትቆያለች፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ በሳጥኑ ስንጥቅ የሚገባው ነፋስ ያራግብላታል። የእጅህን ጀርባ ከምድጃው በላይ ያዝ፤ ሙቀት ከተሰማህ ገና ናት። ውሃ አፍስስ፣ በእንጨት አማስል፣ ድጋሚ አፍስስ፤ ጭስስ ማለቱን ሲተው ብቻ ጫነው።

መተሐራና አዋሽ አካባቢ መንገድ ዳር የተደረደረውን ከሰል ስትገዛም ማዳበሪያውን በእጅህ ዳስሰው። ገና ከጉድጓዱ የወጣ ከሰል ውስጥ ውስጡን ሊያያዝ ይችላል። ለብ ካለ ምንም ቢረክስ እለፈው።

ሌሊት ደግሞ፣ ቆላም ቢሆን ደጋ፣ የተያያዘ ምድጃ ጋቢና ውስጥ አስገብተህ አትተኛ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእንቅልፍህ ሳያነቃህ ይገድልሃል።

6. የትንሿን የቡታጋዝ ሲሊንደርም ሆነ የጋቢና ሽቶውን ጣሳ ጎን አንብብ። ከ50 ዲግሪ በላይ አታስቀምጥ ይላል።

7. ውሃ የሞላ ሃይላንድና የንባብ መነጽር ፀሐይ በሚመታው መቀመጫ ላይ አትተው። ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስበው ጨርቁን ሊያሳርሩት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም፤ ለመከላከልም ፎጣ መጣል ይበቃል።

8. አንድ ቀን ነዳጅ ይዘህ ቦቴ ብትነዳ ይህን ሁሉ እርሳው፦ ላይተርም ክብሪትም ምድጃም ከመኪናው ጋር አይሄዱም። ቡናህን ቡና ቤት ጠጣ።

9. የእሳት ማጥፊያው ራሱ በግፊት የታሸገ ዕቃ ነው። አብዛኛው የዱቄት ማጥፊያ እስከ 60 ዲግሪ ነው የተሠራለት፤ ስለዚህ ከመስታወቱ ስር ሳይሆን ከሹፌሩ በር አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ይታሰር። አልጋ ስር፣ በፍራሽና በሻንጣ ተቀብሮ የሚሄደውን ስንት መኪና ላይ አየሁ መሰለህ፤ እሳቱ ያለው እዚያው አልጋው አጠገብ ቢሆን እንዴት ታወጣዋለህ? መኪናውን ስትረከብ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን እይ። ቀዩ ላይ ከሆነ ቁልፉን ሳትቀበል ለባለቤቱ ንገረው።