ቀለሙን የሚለቅ ሳሙና



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሳሙና ነው። የሳሙና ሥራው ማንጻት ነው። የሚያነጻው ነገር ራሱ ልብስ ሲያበላሽ ግን ምን እናድርግ?

ክረምቱን ዳባት አካባቢ ሳስተምር ያረፍሁት ከአንዲት እናት ቤት ነበር። እኒህ እናት ከሞራ ሳሙና ሠርተው ገበያ ያወጣሉ። አንድ ጊዜ «ነጩን ሁሉም ይሠራዋል፤ የኔ ቀይ ይሁን» ብለው ለአክርማ ማቅለሚያ የገዙትን ዱቄት ጨመሩበት። ሳሙናው አማረ። ገበያተኛውም ተሻማበት። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤት ለእንቁጣጣሽ ያስቀመጠችውን ነጠላ ይዛ መጣች። ነጩ ነጠላ ቀይ በቀይ ሆኗል። «እትዬ፣ ሳሙናዎ ጉድ ሠራኝ!» አለች። ገንዘቧን መለሱላት። ነጠላውን ግን ማን ይመልሰዋል? ማታ «ልጄ፣ አንተ ተማሪ ነህ፤ ምክንያቱን ንገረኝ» አሉኝ። ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ቀለም ለምን ይለቃል?

ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ አይታይም። አሸዋ ግን አይሟሟም፤ ይዘቅጣል። ቀለምም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። የአክርማ ማቅለሚያ ዱቄት እንደ ጨው ይሟሟል። ቀይ አፈር ግን እንደ አሸዋ ነው፤ አይሟሟም።

የሚሟሟ ቀለም ያለበት ሳሙና ውሃ ሲነካው፣ ውሃው ቀለሙን ይዞት ይወጣል። ጥጥ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ቀለሙንም አብሮ ይጠጣል። ልብሱ የሚበላሸው በዚህ ነው። ነጭና ቀይ አንድ ላይ አድርጋችሁ ብትጋግሩትም፣ ሳሙናው ውስጥ እርጥበት ስላለ፣ ቀዩ ቀስ እያለ ወደ ነጩ ይሄዳል።

በፋብሪካ የሚሠራ የዱቄት ቀለም የመጣው ከሩቅ አገር ነው። በ1856 (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ የወባ መድኃኒት ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ቀለም በፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ዱቄቱ ለአክርማ መልካም ነው። ለሳሙና ግን አይሆንም።

እርድስ?

እርድ ቢጫ ነው። አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ ጠብ ብታደርጉበት ግን ወደ ቀይ ይለወጣል። ቤት ሞክሩት። ሳሙና ውስጥም እንዲሁ መልኩ ይለወጣል፤ ፀሐይም ያደበዝዘዋል። ነጭ ልብስንም ያቀልማል።

ሳትሸጡ በፊት ፈትኑ

1. ቁራጭ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥቡ።
2. ሳሙናውን በደንብ እሹበት፤ ጠቅልላችሁ አሳድሩት።
3. ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና ጥላ ላይ አድርቁት።
4. ካልታጠበው ጨርቅ ጋር አስተያዩት። ቀለም ከያዘ ሳሙናው ለነጭ ልብስ አይሆንም።

ምን ቀለም እንጨምር?

ከሁሉ የሚሻለው ምንም አለመጨመር ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ቀለም አልጨመሩበትም፤ ልብሱ ግን ይነጣ ነበር። ገበያው ቀለም ከፈለገ ቀይ አፈር ይሻላል። አፈር የሚቀላው ውስጡ ባለው የብረት ዝገት ነው። ዝገት ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ከብት ከማይውልበት ቦታ ቆፍራችሁ ከታች አውጡ። አድርቁት፤ በምጣድ አምሱት፤ ፈጭታችሁ በስስ ጨርቅ ንፉት። ለአንድ ኪሎ ሞራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከበዛ አረፋውን ያደፈርሰዋል። መልኩ እንደ ዱቄቱ አይደምቅም፤ ግን ሰው አያስቀይምም።

ስለ ኮስቲክ ሶዳ ጥንቃቄ

ለአንድ ኪሎ ሞራ 130 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል። በሚዛን መዝኑት፤ በእፍኝ አትገምቱ። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ውሃውን ሶዳው ላይ ማፍሰስ አደጋ አለው፤ ፈልቶ ይረጫል። በአሉሚኒየም ዕቃ አትሥሩ። ሕፃናት አይቅረቡ። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የተሠራው ሳሙና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይድረቅ።

የተበላሸው ልብስስ?

ልብሱ ሳይደርቅ ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ። ፀሐይ ላይም አታስጡት። በረኪና ነጩን ቢያነጣም ጥለቱን ይበላዋል። የተረፈውን ቀይ ሳሙና እንደገና ማቅለጥ ዋጋ የለውም፤ ቀለሙ አይወጣም። ለጥቁር ልብስ ማጠቢያ ይሁን።

እኒያ እናት የተረፋቸውን ቀይ ሳሙና ለይተው አስቀመጡት። አዲሱን በነጭ ጨርቅ ሳይፈትኑ ገበያ አላወጡም። የመጀመሪያውን ፍሬም ነጠላዋ ለተበላሸባት ጎረቤት ሰጧት።

ጥያቄዎች

1. የሚሟሟ ቀለምና የማይሟሟ ቀለም በምን ይለያያሉ?
2. ሶዳውን ወደ ውሃ ነው ወይስ ውሃውን ወደ ሶዳ የምንጨምረው? ለምን?
3. በቤታችሁ ያለውን ሳሙና ፈትኑና ያያችሁትን በሦስት መስመር ጻፉ።