የደረት ውጋት፦ ቦታው ብቻ ምንጩን አይናገርም

«ውጋት» በቋንቋችን ብዙ ትርጉም የተሸከመ ቃል ነው። ደረቱን ወይም ጎኑን ድንገት የያዘው ሰው «ውጋት ነው፤ ይለቀኛል» ይላል። ጨጓራውን የሚያመው ደግሞ «ልቤን አቃጠለኝ» ሲል ይሰማል። ይህ የቃላት መደበላለቅ የአንደበት ችግር ብቻ አይደለም፤ የሕመሙን ምንጭ ለይቶ ማወቅ ለአንጎልም አስቸጋሪ ነው።

ለምን አይለይም?

እሾህ እግራችንን ሲወጋን የተወጋውን ቦታ በትክክል እናመለክታለን፤ ቆዳ በነርቮች የታጨቀ ነውና። የውስጥ አካላት ግን እንዲህ አይደሉም። ከልብ፣ ከምግብ ቧንቧና ከደረት ግድግዳ የሚነሡ የሕመም መልእክቶች ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገቡት በተቀራረቡ ደረጃዎች ነው። አንጎልም አንዱን ከሌላው ጋር ያምታታል። የልብ ሕመም በግራ ክንድ፣ በመንጋጋ ወይም በላይኛው ሆድ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሐኪም «የት ያምሃል?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ይጀምራል? ምን ያብሰዋል? ምንስ ያስታግሠዋል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለት ውኃ ቀጂዎች

በቦረና ቆላማ ምድር፣ በዱብሉቅና በአካባቢው፣ ቱላ የተባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። በዚህ ሥራ ላይ ደረታቸውን ያመማቸው ሁለት ሰዎች አሉ እንበል።

የመጀመሪያው በማግስቱ ክንዱን ሲያነሣ ወይም የጎን አጥንቱ ከደረት አጥንት የሚገናኝበት ቦታ ሲጫን ያመዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ወይም የልም አጥንት ጉዳት ነው። ሁለተኛው ባልዲ ሲያነሣ ደረቱን ጭንቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሲያርፍ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቀዋል። ይህ ልብን የሚመግቡ የደም ቧንቧዎች መጥበባቸውን ሊያመለክት ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። ሥራው አንድ፣ ቦታውም አንድ ሲሆን ምንጩ ግን የተለያየ ነው። እርግጥ ነው፣ ሲጫን የሚያም ሁሉ ከልብ ሕመም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ሌሎች ምንጮች

ሲተነፍሱ ወይም ሲያስሉ የሚብስ ስለታም ውጋት ብዙ ጊዜ ከሳምባ ሽፋን ይነሣል። የሳምባ ምች ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ሲታከሉበት የነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። ከከብት የሚተላለፈው የነቀርሳ ዓይነት ባልፈላ ወተት ሊመጣ ስለሚችል፣ ወተት ዋነኛ ምግብ በሆነበት አርብቶ አደር አካባቢ ወተትን ማፍላት ትልቅ መከላከያ ነው። ከወሊድ ወይም ከረጅም የመኪና ጉዞ በኋላ አንድ እግር አብጦ ድንገተኛ ውጋትና የትንፋሽ እጥረት ከተከተለ ግን በሳምባ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

ከምግብ በኋላ ወይም ሲተኙ የሚብስ ቃጠሎ የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ መመለሱን ያሳያል። በአንድ ጎን የሚያቃጥልና ከቀናት በኋላ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣ ሕመም አልማዝ ባለጭራ ነው። ከፍተኛ ጭንቀትም ደረትን ያጣብቃል። ጫት ደግሞ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ ሕመምተኛው መቃሙን ሳይሸሽግ ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል።

የማይጠብቅ ሕመም

ደረትን እንደ ከባድ ሸክም የሚጫን፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ የሚቆይ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ እጥረት ወይም ራስን መሳት ያለበት ሕመም ለነገ አይባልም። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ ምልክቱ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛው ብቻውን አይሂድ፤ መኪናም አይንዳ።

ጤና ተቋም ሲደርስ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ (ኢ.ሲ.ጂ.) ብዙ ይናገራል። ይህን ዘዴ ያበለጸገው ዊለም አይንትሆቨን በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ምዝገባ ጤናማ መምሰሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም። የተጎዳ የልብ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲንም ከፍ ብሎ ለመታየት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ምርመራው የሚደጋገመው ስለዚህ ነው።

በልብ ቧንቧ የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ በመመሪያ ደረጃ የሚታሰበውም ሕመሙ ከጀመረ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ነው። ከነገሌ ቦረና እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ግን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ሕመምተኛው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ፤ ወደ ሌላ መላክ ካስፈለገም ውሳኔው በቶሎ ይሰጣል። መንገዱን ማሳጠር ባንችል እንኳ፣ «ይለቀኛል» እያልን የምናባክነውን ጊዜ ማሳጠር በእጃችን ነው።