ፖሊስ የፓርቲውን በር ሲያንኳኳ

በአሜሪካ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆቻችን ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ጎረቤት በሙዚቃው ተማሮ ፖሊስ ቢጠራብን፣ ከፍተን የማስገባት ግዴታ አለብን ወይ? በአብዛኛው የለባችሁም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 በፔይተን ጉዳይ እንደወሰነው፣ ፖሊስ ሰውን ቤቱ ገብቶ ለመያዝ በመደበኛው ጊዜ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሙዚቃውን ቀንሱ፤ አንዳችሁ ወጥታችሁ በሩን ከኋላ ዘግታችሁ በትሕትና አነጋግሩት። «ይቅርታ፣ ያለ ማዘዣ እንዲገቡ አልፈቅድም» ማለት ወንጀል አይደለም። ዝም ብሎ ከበሩ ገለል ማለት ግን እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል። «ስንት ጠጣህ?» ቢላችሁ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። መዋሸት፣ መሮጥና መገፋፋት ግን ሌላ ክስ ይወልዳል።

ይህ መብት ወሰን አለው። በ2006 የታየው የብሪገም ሲቲ ጉዳይ የተነሣው ሌሊት በተጠራ የፓርቲ አቤቱታ ነበር፤ ፖሊሶቹ በመስኮት ድብድብ አይተው ያለ ማዘዣ ገቡ፤ ፍርድ ቤቱም ትክክል ናቸው አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ ባልፈቀደው ባዶ ቤት ሲጨፍሩ የተገኙ 21 ሰዎች ተያዙ። ተጋብዘን ነው የመጣነው ቢሉም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ለፖሊስ ፈረደ። የምትሄዱበት ቤት የማን እንደሆነ ጠይቁ።

ዶርም ውስጥ ከሆናችሁ የፈረማችሁትን የመኖሪያ ውል አንብቡ፤ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች የሚገቡበትን ሁኔታ የሚዘረዝረው እሱ ነው።

የመጠጥ ዕድሜው 21 ነው። ከ21 ዓመት በታች ሆኖ መጠጥ ይዞ መገኘት ሜሪላንድ ውስጥ የሲቪል ቅጣት ሲያስከትል፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ የወንጀል ክስ ነው። በተማሪ ቪዛ ላላችሁ ደግሞ ሥጋቴ ይበልጣል፤ ጠጥቶ በማሽከርከር መያዝ ብቻውን፣ ገና ፍርድ ሳይሰጥ፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቪዛችሁን እንዲሰርዝ ሊያደርግ ይችላል። «ቅጣቱን ከፍለህ ተገላገል» የሚላችሁን ጓደኛ አትስሙ፤ ጥፋተኛ ነኝ ከማለታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ወላጆችም ልብ በሉ፤ የፌዴራሉ የተማሪ ምስጢር ሕግ ልጃችሁ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ስለ መጠጥ ጥፋቱ እንዲነግራችሁ ይፈቅዳል፣ አያስገድደውም።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው። ጓደኛችሁ ጠጥቶ አልነቃ ካለ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ራሱን ስቶ ካስመለሰው፣ ስለ በርና ስለ ማዘዣ ማሰብ ያበቃል፤ 911 ደውሉ፣ የመጣውን ሁሉ አስገቡ። በ2017 በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወንድ ተማሪዎች ማኅበር (ፍራተርኒቲ) ቤት ውስጥ እንዲጠጣ ተደርጎ ደረጃ ላይ የወደቀ ተማሪ፣ እርዳታ የተጠራለት በማግስቱ ጠዋት ነበር፤ ልጁ ሞተ። አብረውት ከነበሩት ብዙዎቹ ተከሰሱ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ለታመመ ሰው እርዳታ የጠራን ከአንዳንድ የመጠጥ ክሶች የሚከላከል ሕግ አላቸው፤ ከለላው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቨርጂኒያ ለምሳሌ ፖሊስ እስኪደርስ እዚያው እንድትቆዩና ማንነታችሁን እንድትነግሩት ትጠይቃለች። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ምን እንደወሰደና ምን ያህል እንደጠጣ ለሐኪሞቹ ሳትደብቁ ንገሩ።