ዝምድና እና ፈንክሽን

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ በዝምድናና በፈንክሽን መካከል ያለውን ልዩነት በጠራ አማርኛ ያስረዳሉ፤ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ብያኔ ይሰጣሉ፤ ብያኔውንም በምሳሌ አስደግፈው ገላጭ ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

«ዝምድና» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግራችን የሥጋን ወይም የጋብቻን ትስስር ያመለክታል። በሒሳብ ግን ትርጉሙ ሰፋ ይላል። የአንድን ስብስብ አባላት ከሌላ ስብስብ አባላት ጋር ያጣመረ ማንኛውም የጥንዶች ስብስብ ዝምድና ይባላል። ጥንዶቹ የሚጻፉት በቅደም ተከተል ነው፤ መነሻው ይቀድማል፣ መድረሻው ይከተላል።

ከሥጋ ዝምድና እንጀምር። መነሻው ልጅ፣ መድረሻው ወላጅ አባት ይሁን። ማንኛውም ሰው ወላጅ አባት አለው፤ ይኸውም አንድ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። መነሻው አባት፣ መድረሻው ልጅ ሲሆን ለአንዱ አባት አምስት ልጆች ሊገኙለት ይችላሉ። «የእገሌ አባት ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ «የእገሌ ልጅ ማን ነው?» ለሚለው ግን «የትኛው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በአገራችን ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም እንጽፋለን። በዚያ ቦታ የወንድም ስም ይጻፍ ቢባል ኖሮ፣ ብዙ ወንድሞች ያሉት የትኛውን ይጽፍ ነበር? ወንድም የሌለውስ?

እንግዲህ ብያኔው የሚከተለው ነው። ፈንክሽን ማለት ለእያንዳንዱ መነሻ አንድና አንድ መድረሻ ብቻ የሚሰጥ ዝምድና ነው። በዚህ ብያኔ ውስጥ ሁለት ግዴታዎች አሉ። አንደኛ፣ መድረሻ ያጣ መነሻ አይኖርም። ሁለተኛ፣ ሁለት መድረሻ ያለው መነሻ አይኖርም። ብዙ መነሻዎች አንድ መድረሻ ቢጋሩ ግን ብያኔው አይከለክልም፤ ወንድማማቾች አንድ አባት እንደሚጋሩ ማለት ነው። ስለዚህ ፈንክሽን ሁሉ ዝምድና ነው፤ ዝምድና ሁሉ ግን ፈንክሽን አይደለም።

ሁለተኛ ምሳሌ ከልደታ እንውሰድ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የጉዞው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። ከልደታ ጣቢያ የሚነሣ ተሳፋሪ የሚወርድበትን ጣቢያ ከተናገረ የሚከፍለው ዋጋ ታወቀ ማለት ነው። ተግባረ እድ የሚወርደውና ሜክሲኮ የሚወርደው እኩል ቢከፍሉ ደንቡ አይፈርስም። ደንቡ የሚፈርሰው ወደ አንድ ጣቢያ በሚሄዱ ሁለት ተሳፋሪዎች ላይ ሁለት ዋጋ ሲጠየቅ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ የከፈለው ሰው «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በአንጻሩ ባለ 2 ብሩን ዋጋ ብቻ ሰምቶ ተሳፋሪው የት እንደሚወርድ መናገር አይቻልም። ከጣቢያ ወደ ዋጋ ፈንክሽን ነው፤ ከዋጋ ወደ ጣቢያ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ምሳሌ የዘመን አቈጣጠር ነው። የ2008 ዓ.ም. ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስንት ነው? መልሱ ሁለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን ድረስ 2015፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን ጀምሮ ደግሞ 2016 ነው። ስለዚህ ከዓመት ወደ ዓመት ያለው ዝምድና ፈንክሽን አይደለም። ቀኑና ወሩ ከተጨመሩ ግን ጥርጣሬው ይወገዳል፤ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2015 እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። የትውልድ ዓመቱን ብቻ ይዞ ወደ ሌላው አቈጣጠር የሚመልስ ሰው በአንድ ዓመት ሊሳሳት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአልጀብራም ነገሩ ያው ነው። መነሻውን ቁጥር ሀ፣ መድረሻውን መ እንበል። መ = 2ሀ + 1 ቢሆን፣ ሀ 3 ሲሆን መ 7 ነው፤ ከ7 በቀር ሌላ መልስ የለውም። መ = ሀ² ሲሆንም ፈንክሽን ነው፤ 3 እና -3 ሁለቱም 9ን ይሰጣሉና፣ የሚጋሩት መድረሻ አንድ ነው። መ² = ሀ ከተባለ ግን ሀ 9 ሲሆን መ ወይ 3 ወይ -3 ይሆናል። አንዱ መነሻ ሁለት መድረሻ ስላገኘ ይህ ዝምድና ፈንክሽን አይደለም።

ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ኦይለር በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ፈንክሽንን በቀመር የሚጻፍ አገላለጽ አድርጎ በይኖት ነበር። ጀርመናዊው ዲሪሽሌ በ1837 እ.ኤ.አ. ከዛሬው ጋር የሚቀራረብ ብያኔ ሰጠ፤ ዋናው ነገር ቀመሩ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መነሻ አንድ መድረሻ መኖሩ እንደ ሆነ አመለከተ።

በመጨረሻም ወደ ፊደላችን እንመለስ። «ሠ» እና «ሰ» በአማርኛ የሚነበቡት በአንድ ድምፅ ነው። ከፊደል ወደ ድምፅ ስንሄድ መልሱ አንድ ነው፤ ከድምፅ ወደ ፊደል ስንሄድ ግን ሁለት ነው። «ሠናይት» የተባለች ተማሪ ስሟን በቃል ብትናገር መዝጋቢው «ሰናይት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለጆሮ አንድ የሆነው ስም በመዝገብ ላይ ሁለት ይሆናል፤ ፊደልን ከፊደል ጋር የሚያስተያይ ኮምፒዩተርም አንዲቱን ተማሪ እንደ ሁለት ሰው ይቈጥራታል። በሌላ በኩል አንድ ስም የብዙ ሰዎች ሊሆን ይችላል። ስም በራሱ ሰውን ለይቶ ስለማያሳውቅ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ሁሉ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ቁጥር ለሁለት ተማሪዎች ቢሰጥ አንዱ የደከመበት ውጤት ለሌላው ሊመዘገብ ይችላል። የፈንክሽን ብያኔ በሒሳብ ደብተር ብቻ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ለ. የምንባብ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ፈንክሽን የሚያሟላቸው ሁለት ግዴታዎች ምንና ምን ናቸው?
2. «ሰው – ወንድም» የተባለው ዝምድና ፈንክሽን ያልሆነው በስንት ምክንያት ነው?
3. የተማሪዎች ስም መነሻ፣ የትውልድ ወራቸው መድረሻ ቢሆን በክፍላችሁ ፈንክሽን ይሆናልን? በክፍሉ ውስጥ ሞክሼዎች ቢኖሩስ?
4. በመዝገብ ላይ የተጻፈ ስም በየጊዜው ፊደሉ ቢለዋወጥ በባለቤቱ ላይ ምን ችግር ያስከትላል?

ሐ. የቃላት ጥናት

ብያኔ፣ ጥንድ፣ መለያ፣ በአንጻሩ፣ ሞክሼ የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።

መ. ሰዋስው

ተውላጠ ስም መነሻ፣ ግሥ መድረሻ ይሁን። «አንተ» ሲባል «ትመጣለህ»፣ «እርሷ» ሲባል «ትመጣለች» እንላለን። በአዎንታ ሁለቱ ይለያያሉ። በአሉታ ግን «አንተ አትመጣም»፣ «እርሷ አትመጣም» ይሆናል። ከባለቤት ወደ ግሥ የሚሄደው መንገድ አሁንም ፈንክሽን ነው፤ ከግሥ ወደ ባለቤት የሚመለሰው ግን አይደለም። ስለዚህ «አትመጣም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ባለቤቱን ካልገለጸ አንባቢው ይደናገራል። እንዲሁም «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። ጽሕፈቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት ነው።

መልመጃ፦ በአሉታ ሲነገሩ ባለቤታቸው የማይለይ ሦስት ግሦች ፈልጉ። ከዚያም ባለቤታቸውን እየገለጻችሁ በዓረፍተ ነገር አስገቧቸው።

ሠ. ድርሰት

ከሰፈራችሁ አንድ ዝምድና ምረጡ፤ ለምሳሌ የቤትና የቤት ቁጥር፣ የሸቀጥና የዋጋ፣ የተማሪና የመቀመጫ ሊሆን ይችላል። ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ መነሻውንና መድረሻውን ለይታችሁ አስታውቁ። በሁለተኛው ዝምድናው ፈንክሽን መሆን አለመሆኑን በምሳሌ አረጋግጡ። በሦስተኛው ደንቡ ቢፈርስ ማን እንደሚጐዳ አስረዱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው አንድ ትርጉም ብቻ የሚሰጥ መሆኑን መርምሩ።